ውኃው እንዴት አደረ?

የዓሣ ገንዳ መሣሪያዎች ሥራና ለአርሶ አደሩ ኩሬ የሚሰጡት ትምህርት

በየወረዳው የዓሣ እርባታ ሥራ ሲገመገም በቅድሚያ የሚነሱት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ስንት ኩሬ ተቆፈረ? ስንት የዓሣ ጫጩት ተሠራጨ? ስንት አባወራና እማወራ ተጠቃሚ ሆነ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከሪፖርቱ የሚጎድለው ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ውኃው እንዴት አደረ?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የወራት ድካም የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በእሱ ነው። የበሬ በረት ቢቆሽሽ ይጠረጋል፤ የዶሮ ቤት ቢታፈን መስኮት ይከፈታል። ዓሣ ግን የሚተነፍሰው፣ የሚመገበውና የሚጸዳዳው በአንዱ ውኃ ውስጥ ነው። ውኃው ሲበላሽ የሚሸሽበት የለውም። ማታ ደህና የነበሩ ዓሦች ጠዋት በውኃው ላይ ተንሳፈው ሲገኙ ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ በመኖው፣ በጫጩቱ ወይም “በበሽታ” ላይ ነው። በአንድ ሌሊት በጅምላ የሚሞት ዓሣ ሲኖር ግን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ውኃው ነው።

በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ዓሣ እንደ ወተት፣ እንቁላልና ማር ሁሉ ከቤተሰብ ማዕድ ጋር ተያይዞ ይነሳል። እርባታውም በትልልቅ ኩሬዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በጓሮ በጂኦሜምብሬን በተነጠፈ ጉድጓድ፣ በሲሚንቶ ገንዳ፣ በፕላስቲክ ሮቶ ጭምር ይሞከራል። የሚይዘው ውኃ ባነሰ ቁጥር የጓሮው እርባታ ወደ መስታወት ገንዳ ባሕርይ ይቀርባል። ስለዚህ የገንዳ መሣሪያዎች ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ለአርሶ አደሩም ለባለሙያውም ይጠቅማል።

ሐይቅ በነፃ የሚሠራው ሥራ

በአንዳንድ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች እንግዳ መቀበያ የሚቀመጠው ባለ መስታወት የዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) ጥቂት መሣሪያዎች አሉት። አረፋ የሚያወጣ ቱቦ፣ ስፖንጅ ያለው ማጣሪያ፣ ማሞቂያ ዘንግና መብራት ይታዩበታል። ለሚያያቸው ጌጥ ይመስላሉ። እያንዳንዳቸው ግን በሐይቅ ውስጥ ተፈጥሮ በነፃ የምትሠራውን አንድ ሥራ የሚተኩ ናቸው።

3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን ጣናን ለአብነት ማንሳት ይቻላል። ነፋስ ውኃውን እያናወጠ አየር ያስገባለታል፤ ወንዞች አዲስ ውኃ ያመጡለታል፤ ደቃቅ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርቱለታል፤ በጭቃውና በድንጋዩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ያብላሉለታል። ግዙፍ በመሆኑም ቀዝቃዛ ሌሊት በአንድ ጊዜ ሙቀቱን አይለውጠውም።

ይህ ሚዛን በትንሽ ገንዳ ውስጥም ሊፈጠር እንደሚችል ከቀደሙት ሞካሪዎች አንዱ የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ነበር። እ.ኤ.አ በ1850 ባሳወቀው ሙከራ ዓሣና የውኃ ተክልን አንድ ላይ አኖረ። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን ሲያበላሽበት የበሰበሰውን የሚበላ ቀንድ አውጣ ጨመረ፤ ያን ጊዜ ውኃው ጤናማ ሆኖ ቆየ። ዛሬ በገበያ የሚገኙት መሣሪያዎች ሁሉ የዚያን ሚዛን አንድ አንድ ክፍል በመብራት ኃይል የሚሠሩ ናቸው።

አንድ ዓይነት ዓሣ፣ ሁለት ዓይነት ውኃ

የስፋትን ትርጉም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ 200 የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሦች አሉ እንበል፤ በድምሩ 20 ኪሎ ግራም ማለት ነው። እነዚህ ዓሦች 100 ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ኩሬ ውስጥ ቢሆኑ 100 ሺህ ሊትር ውኃ አላቸው። በአንድ ሮቶ ውስጥ ቢሆኑ ግን 2 ሺህ ሊትር ብቻ ይኖራቸዋል።

ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አካባቢ፣ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውኃ በአንድ ሊትር መያዝ የሚችለው 7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ነው። በዚህ ስሌት ኩሬው 700 ግራም፣ ሮቶው ግን 14 ግራም ኦክስጅን ብቻ ይይዛል። 20 ኪሎ ግራም ዓሣ መኖ ከበላ በኋላ በሰዓት 6 ግራም ያህል ኦክስጅን ሊጠቀም ይችላል። በሮቶው ውስጥ አየር የሚያስገባ መሣሪያ ቢቆም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኦክስጅኑ ወደ አደገኛ ደረጃ ይወርዳል። በኩሬው ውስጥ ግን ዓሦቹ ብቻቸውን ያን ክምችት ለመጨረስ ቀናት ይፈጅባቸዋል።

የቆሻሻውም ነገር እንዲሁ ነው። እነዚህ ዓሦች የክብደታቸውን 3 በመቶ ቢመገቡ በቀን 600 ግራም መኖ ይወስዳሉ። መኖው 30 በመቶ ፕሮቲን ካለው ከእሱ 16 ግራም ያህል ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ ወደ ውኃው ይገባል። በኩሬው ውስጥ ሲበተን በሊትር ከ0.2 ሚሊ ግራም ያነሰ ነው፤ ደቃቅ ዕፅዋቱም ይወስዱታል። በሮቶው ውስጥ ግን በአንድ ቀን ብቻ 8 ሚሊ ግራም ይደርሳል።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መሣሪያ የሚያስፈልገው የውኃ ስፋት ሲጠፋ ነው። የአየር ፓምፕና ማጣሪያ ስፋትን ይተካሉ፤ አርቢው ችግር ሲፈጠር ለማረም የሚኖረውን ጊዜ ግን አይመልሱለትም። በኩሬ ውስጥ ቀናት የሚወስደው ጥፋት በሮቶ ውስጥ በሰዓታት ያልቃል።

ንጋት ላይ የሚመጣው አደጋ

ከአየር ውስጥ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ውኃ ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂቱን ብቻ ይይዛል፤ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ይቀንሳል። ከፍታም ድርሻ አለው። በ1 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ያለ ውኃ ተመሳሳይ ሙቀት ካለው የባሕር ዳርቻ ውኃ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ስለዚህ በቆላማ አገሮች የተዘጋጀ መመሪያን ቃል በቃል ተከትሎ በደጋና በወይና ደጋ ኩሬ ውስጥ ዓሣ ማጨቅ አያዋጣም።

አረንጓዴ መልክ ያለው የኩሬ ውኃ ቀን ላይ የኦክስጅን ፋብሪካ ነው። ደቃቅ ዕፅዋቱ (አልጌዎቹ) በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ማምረታቸውን አቁመው እነሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳሉ፤ በጭቃው ውስጥ ያለው ብስባሽም ድርሻውን ይወስዳል። በዚህ የተነሳ የኩሬ ኦክስጅን እጅግ ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰማዩ ለቀናት ደመናማ ከሆነ ወይም ፍግ ከመጠን በላይ ከተጨመረ አደጋው ይጨምራል።

ለቆሮሶ በሊትር 5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኦክስጅን ምቹ ነው። እየወረደ ሲሄድ መብላት ይቀንሳል፤ ዕድገቱም ይዘገያል። በጣም ሲወርድ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው የውኃውን ገጽ ይስባሉ፤ ንጹሕ ውኃ በሚገባበት ቦይ አፍም ይሰበሰባሉ። ይህን ምልክት ያየ አርሶ አደር መኖና ፍግ ወዲያው ማቆም፣ አዲስ ውኃ መልቀቅ፣ በባልዲ ውኃ እየቀዳ ከከፍታ መልሶ መርጨት ይኖርበታል። የታችኛውን ጭቃ ማማሰል ግን ጉዳቱን ያባብሰዋል። አምባዛ ከአየር ላይ በቀጥታ መተንፈስ የሚያስችል ተጨማሪ አካል ስላለው ይህን ችግር ከቆሮሶ በተሻለ ይቋቋማል። ሆኖም ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር መሳቡ ተፈጥሮው በመሆኑ፣ አምባዛ ብቻ ባለበት ኩሬ ይህን ምልክት መጠበቅ አያስተማምንም።

የአየር ፓምፕ ሥራ በብዙዎች ዘንድ በትክክል አይታወቅም። ከቱቦው የሚወጣው አረፋ ራሱ የተወሰነ ኦክስጅን ቢሰጥም ትልቁ ጥቅሙ የታችኛውን ውኃ ወደ ላይ አንስቶ ገጹን ማናወጡ ነው። ኦክስጅን የሚገባበት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም የሚወጣበት በር የውኃው ገጽ ነው። በሩ ሲዘጋ የሚሆነውን የጣና ዙሪያ ነዋሪ ከእምቦጭ አረም ተምሯል፤ አረሙ ገጹን ሲሸፍን ብርሃንም አየርም ወደ ታች እንደ ልብ አይደርስም። በጓሮ ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ አረምም ገጹን እንዲሸፍን መተው የለበትም።

ይህን የተረዳ አርሶ አደር መሣሪያ ሳይገዛም የፓምፑን ሥራ በከፊል ማሠራት ይችላል። ከምንጭ ወይም ከመስኖ ቦይ የሚገባው ውኃ ከኩሬው ጠርዝ ከፍ ብሎ በጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ እየተሰባበረ እንዲወርድ ማድረግ አንዱ ዘዴ ነው። ጫፉ የተበሳሳ ቱቦም ውኃውን በትኖ ያስገባል። ትርፍ ውኃው የሚወጣበት ቱቦ ከታች እንዲስብ ማድረግ ደግሞ ኦክስጅን ያነሰውንና ቆሻሻ የበዛበትን የታችኛውን ውኃ ያስወግዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ትርፉ ከላይ ይፈስሳል፤ የሚሄደው ንጹሑ ውኃ፣ የሚቀረው ቆሻሻው ይሆናል።

የማጣሪያው ዋና ሠራተኞች

ማጣሪያ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ወንፊትን ነው። በእርግጥ የማጣሪያ የመጀመሪያ ሥራ የተረፈ መኖንና ኩስን መያዝ ነው። በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚጨመረው የተለየ ከሰልም ቀለምና ሽታ ይወስዳል። ዋናው ሥራ ግን በዓይን አይታይም፤ የሚሠሩትም በስፖንጁ፣ በጠጠሩና በፕላስቲኩ ገጽ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል የሚያስወጣው አሞኒያ መርዛማ ነው። አንደኛው የባክቴሪያ ቡድን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም አጠይሞ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኛው ቡድን ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህ ሂደት በእርሻ ማሳ ውስጥ ዩሪያ ከተበተነ በኋላ ከሚካሄደው ለውጥ ጋር አንድ ነው። ባክቴሪያዎቹን ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ በ1890 ለይቶ ያወጣቸውም በአፈር ላይ ባደረገው ጥናት ነው። በዓሣ ገንዳ ውስጥ የሚቀረው ናይትሬት በየጊዜው ከፊሉን ውኃ በመቀየር ይወገዳል። የተወገደው ውኃ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ከዚህ የሚመነጩ ሦስት ተግባራዊ ቁም ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ባክቴሪያዎቹ በዝግታ ይራባሉ፤ በሞቃት ውኃ እንኳ በበቂ መጠን ለመገኘት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። ገንዳው ዛሬ ተሞልቶ ነገ ጫጩት በሙሉ ቁጥር ከተጨመረበት አሞኒያውን የሚያብላላ የለም። ስለዚህ ጫጩት በጥቂቱ አስገብቶ፣ በጥቂቱ መግቦ፣ ቁጥሩን ቀስ በቀስ ማሳደግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የጽዳት ጉዳይ ነው። ማጣሪያውን በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውኃ ወይም በሳሙና አጥቦ “ንጹሕ” ማድረግ ባክቴሪያውን መግደል ነው። ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ጭቃው እስኪለቅ ብቻ መጨመቅ አለበት። ጠጠሩም በሙሉ በአንድ ቀን አይታጠብም።

ሦስተኛው ባክቴሪያዎቹም መተንፈሳቸው ነው። 1 ግራም ናይትሮጅን ያለውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ለሰዓታት ከቆመ እነሱም መሞት ይጀምራሉ። መብራቱ ሲመለስ በማጣሪያው ውስጥ የታቆረውን የሸተተ ውኃ ወደ ገንዳው መልሶ ከመልቀቅ መጀመሪያ ደፍቶ ማጠብ ይገባል።

በኩሬ ውስጥ ይህን ሥራ ጭቃው፣ ድንጋዩና አረንጓዴው ውኃ ስለሚሠሩት ማጣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልክን ማወቅ ነው። በፍግ ለሚለማ ተራ ኩሬ በካሬ ሜትር 2 ጫጩት የተለመደ መነሻ ነው። መኖ ደግሞ ዓሦቹ በአጭር ጊዜ በልተው የሚጨርሱት መሆን አለበት፤ ተንሳፎ ወይም ሰምጦ የሚቀር መኖ ገንዘብ ከማባከኑ በላይ ወደ አሞኒያ ይለወጣል።

ሙቀትና የቦታ ምርጫ

በመስታወት ገንዳ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ሙቀቱ ሲወርድ በራሱ ይበራል፤ ሲበቃው ይጠፋል። ለቤት ገንዳ የሚሰጠው ግምት በሊትር 1 ዋት ያህል ነው። በዚህ ልክ 100 ሺህ ሊትር ኩሬ ማሞቅ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በእርባታ ላይ የማሞቂያውን ቦታ የሚተካው የቦታና የዝርያ ምርጫ ነው።

ቆሮሶ በተሻለ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲጠጋ መብላት ያቆማል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ይሞታል። በብርዳማ ደጋ ወረዳ ቆሮሶ አከፋፍሎ በዓመቱ “አላደገም” ብሎ መደነቅ አይገባም። ብርድን በተሻለ የሚችለው ዱባ የተባለው ዓሣ (ካርፕ) በእንዲህ ያለው ቦታ ሊታሰብ ይችላል። የዝርያ ምርጫው ከመወሰኑ በፊት የውኃውን ሙቀት በንጋትና ከሰዓት በኋላ ለሳምንታት መመዝገብ ይጠቅማል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ነው።

የኩሬው ጥልቀትም ማሞቂያ ሆኖ ያገለግላል። ከ1 ሜትር ያነሰ ኩሬ ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል። 1 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው የሙቀት ለውጡን ያለዝበዋል። የዛፍ ጥላ የማያርፍበት፣ ፀሐይ እንደ ልብ የሚያገኘው ቦታም ይመረጣል።

የማይታዩት ጠላቶች

የውኃ አሲድነት መጠን (ፒኤች) ከ6.5 እስከ 9 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ለቆሮሶ ተስማሚ ነው። በላይኛው ጫፍ ግን አሞኒያ ሲኖር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ሲሆን በአደገኛ መልኩ የሚገኘው አሞኒያ ከጠቅላላው 1 በመቶ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን 5 በመቶ ገደማ፣ 9 ሲሆን ግን ከሦስት አንድ እጅ በላይ ይሆናል። አንድ ዓይነት የአሞኒያ መጠን ጠዋት ጉዳት ሳያደርስ፣ ፀሐይ በበረታበትና ፒኤች ከፍ ባለበት ከሰዓት በኋላ ሊገድል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሲዳማ አፈር ባለባቸው ወረዳዎች የተቆፈረ ኩሬ ውኃ ከመሞላቱ በፊት የእርሻ ኖራ ይፈልጋል። አፈሩ ተመርምሮ በ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም መበተን የተለመደ ነው። ለማሳ የሚታደለው የተፈጨ ኖራ ለዚህ ይሆናል። ለግንባታ የሚውለው የተቃጠለ ኖራ ግን ዓሣ ባለበት ውኃ ላይ ከተጨመረ ፒኤችን በድንገት አንሮ ይፈጃል።

የቧንቧ ውኃ ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል። ለሰው የማይሰማው ያ ጥቂት መጠን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ለሮቶም ሆነ ለገንዳ የሚውል የቧንቧ ውኃ አፉ ክፍት በሆነ በርሜል ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ማደር፣ በተቻለ መጠንም መናወጥ አለበት።

የተባይ ማጥፊያ ኬሚካልም ሌላው ስጋት ነው። በአጠገብ ባለ ማሳ ላይ የሚረጭ መድኃኒት በነፋስ ወይም በጎርፍ ኩሬው ውስጥ ከገባ ጥቂቱ ይበቃል፤ የመርጫ መሣሪያን በኩሬ ውኃ ማጠብ ደግሞ ዓሣውን በእጅ መመረዝ ነው። ከተፈጥሮ ዛፎች ብርብራን አሳ አጥማጆች ከጥንት ያውቁታል። የፍሬው ዱቄት ዓሣን አስክሮ ለመያዝ ሲያገለግል ኖሯል። የብርብራ ዛፍ ፍሬውን በሚያረግፍበት ዳርቻ የዓሣ ኩሬ መቆፈር ተገቢ አይሆንም።

በእጅ የሚለካ ውኃ

የውኃ መመርመሪያ መሣሪያ በየቤቱ ባይኖርም ውኃን መለካት ይቻላል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆርቆሮ ክብ ሆኖ ተቆርጦ ነጭና ጥቁር ከተቀባ፣ በገመድ ታስሮ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የአረንጓዴው መጠን መልካም ነው። ከዚያ በቅርቡ ከተሰወረ ውኃው ከመጠን በላይ ለምቷል፤ ፍጉ ይቁም። በጣም ርቆ ከታየ ግን ፍግ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ከሌለ ክንድን እስከ ክርን አጥልቆ መዳፉ መታየት አለመታየቱን ማስተዋል ይቻላል። ይህ መለኪያ የሚያገለግለው ውኃው አረንጓዴ ሲሆን ነው፤ በጭቃ የደፈረሰ ውኃ ሌላ ችግር ነውና የሚስተካከለው ጎርፍን በማገድ ነው።

ለወረዳ ግን ይህ ብቻ አይበቃም። አሞኒያን፣ ናይትራይትንና ፒኤችን በጠብታ ወይም በወረቀት ቀለም የሚለይ መመርመሪያ፣ እንዲሁም የኦክስጅን መለኪያ፣ ቢያንስ አንድ አንድ በጽሕፈት ቤቱ ቢኖር አንድ ባለሙያ በርካታ ኩሬዎችን እየዞረ ሊያይበት ይችላል።

መብራት ሲጠፋ

በሮቶ፣ በሲሚንቶ ገንዳ ወይም በጫጩት ማፍያ የሚረባ ዓሣ በመብራት ላይ የተንጠለጠለ ሕይወት ነው። መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት ቀበሌ ይህን ዓይነት እርባታ ያለ መጠባበቂያ መጀመር ከላይ በስሌቱ እንደታየው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉንም የማጣት ስጋት አለው።

መጠባበቂያው ትልቅ ጀኔሬተር ላይሆን ይችላል። በባትሪ የሚሠራ 20 ዋት የሚወስድ የአየር ፓምፕ፣ 12 ቮልትና 50 አምፔር-ሰዓት አቅም ካለው ባትሪ ጋር ቢገናኝ፣ ባትሪው ግማሽ ኃይሉን ብቻ ቢሰጥ እንኳ 15 ሰዓት ያህል ይሠራል። ባትሪው ቀን በፀሐይ ሰሌዳ ሊሞላ ይችላል። መብራት በጠፋበት ሰዓት ዋናው ደንብ መኖ አለመስጠት ነው፤ የበላ ዓሣ ከጾመ ዓሣ የበለጠ ኦክስጅን ይጠቀማል።

ከማፍያው እስከ ኩሬው ባለው መንገድም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባሕር ዳርና በሰበታ የሚገኙት የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከላትን ከመሰሉ ቦታዎች የሚወሰድ ጫጩት ከጉዞው በፊት ለአንድ ቀን ያህል መኖ አይሰጠውም፤ ይህም በጉዞ ላይ ውኃውን እንዳያበላሽ ነው። በፌስታሉ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ውኃ፣ ቀሪው ኦክስጅን ሆኖ ይታሰራል፤ ከፀሐይም ይጠበቃል። ሲደርስ ወዲያው አይደፋም። ፌስታሉ እንደታሰረ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በኩሬው ላይ ተንሳፎ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ የኩሬውን ውኃ በጥቂቱ እየጨመሩ ጫጩቱ በራሱ እንዲወጣ ይደረጋል። የጫጩት ርክክብን ለፎቶ ሲባል በእኩለ ቀን ፀሐይ ማድረግ ቁጥሩን በሪፖርት ላይ አስፍሮ ሕይወቱን በኩሬ ውስጥ ማጣት ነው።

የወረዳው ድርሻ

ኩሬ የሚቆፍረው ቤተሰብ መሬቱን፣ ጉልበቱንና ከመስኖው የሚካፈለውን ውኃ ይሰጣል። ዓሣው አንድ ጊዜ በጅምላ ካለቀበት ብዙ ጊዜ ሁለተኛ አይሞክርም፤ ጎረቤቱም ከእሱ አይቶ ይተወዋል። ኩሬው ለሕፃናትና ለከብት አደጋ የሆነ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጥፋቱ በዓሣው ብቻ አይቆምም፤ ለዘርፉ ያለው አመኔታም አብሮ ይሞታል።

ይህን ለመከላከል የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። ጫጩት ከመታዘዙ በፊት የእያንዳንዱ ኩሬ ውኃ ዓመቱን ሙሉ መኖሩ፣ ሙቀቱና ፒኤች ተለክቶ ይመዝገብ። መብራት አስተማማኝ ባልሆነበትና መጠባበቂያ በሌለበት ቦታ በሮቶና በገንዳ ብዙ ዓሣ ከማጨቅ ይልቅ ሰፋ ያለ ኩሬ በአነስተኛ ቁጥር ይመረጥ። መሣሪያ ሲገዛ መለዋወጫውና መጠባበቂያ ኃይሉ በአንድ በጀት ውስጥ ይያዝ፤ ፓምፕ ብቻውን ተገዝቶ ሲበላሽ የሚጠግነው ከሌለ ባይገዛ ይሻላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ኩሬውን የሚጎበኝበት ሰዓት ይለወጥ። ረፋድ ላይ የሚታይ ኩሬ ሁልጊዜ ደህና ይመስላል፤ እውነተኛ ሁኔታው የሚታየው ንጋት ላይ ነው።

በግምገማው ሠንጠረዥ ላይም ከተቆፈረው ኩሬና ከተሠራጨው ጫጩት ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ቢኖር መልካም ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት የተገኘው ዓሣ ቁጥር። ያ ቁጥር ዝቅ ብሎ በተገኘበት ቀበሌ ሌላ ጫጩት ከመላኩ በፊት ቴርሞሜትርና መመርመሪያ ይዞ የሚሄድ ባለሙያ ቢላክ፣ ለቀጣዩ ዙር የሚወጣው ገንዘብና ጉልበት ከብክነት ይድናል።